ላም አለኝ በሰማይ፦ የስልክ ጌም ሳንቲምና የ«ማክሮ» ጣጣ

መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ነበር። በወላይታ ደግሞ የጊፋታ ሰሞን ነው። የብሔረሰቡ ዘመን መለወጫ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚገኘው እሑድ ስለሚውል፣ በሶዶ፣ በቦዲቲና በአረካ የሰንጋውና የቅቤው ዋጋ ዋነኛ ወሬ የሚሆንበት ሳምንት ነው። ለዚህ በዓል የሚሆነው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲቀመጥ ይከርማል፤ ወንዱ ለሰንጋ፣ ሴቷ ለቅቤ ያስቀምጣሉ።

በዚያው ዕለት ግን ሌላ ገበያም ተከፍቶ ነበር። «ሃምስተር ኮምባት» የተባለው የቴሌግራም ጌም፣ ተጫዋቾቹ ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስክሪን እየነኩ ሲያጠራቅሙት የከረሙትን ነጥብ ወደ ዲጂታል ሳንቲም ለውጦ ያከፋፈለውና ሳንቲሙም በዓለም አቀፍ የክሪፕቶ ገበያዎች ላይ መሸጥ የጀመረው በደመራ ዕለት ነበር። በአገራችን ከተሞች ብዙ ወጣት ይህን ቀን ሲጠብቅ ሰንብቷል። ዕደላው «ኤርድሮፕ» ይባላል፤ ከአየር የሚወርድ ማለት ነው። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ሀብት ነው።

ነገሩ የወጣት ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቢቀር ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን በጨዋታው ዙሪያ ንግድ ተፈጥሯል። አካውንት ይሸጣል፤ ሳንቲም ገና ሳይወጣ ውል ይገባበታል፤ ጣትን ተክቶ ስክሪን የሚነካ ፕሮግራም «ማክሮ» ወይም «አውቶ ክሊከር» በሚል ስም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ገንዘቡን የሚያወጣው ወላጅ፣ አካውንቱን የሚያሻሽጠው ደላላ፣ አዲስ ነገር እንዳያመልጠው የሚሻው ባለገንዘብ ሊያነሱት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው። ማሽን በነፃ ሊደጋግመው የሚችለው ሥራ በገበያ ላይ ምን ያህል ያወጣል?

ሒሳቡ ሲሠራ

የሃምስተር ኮምባት ባለቤቶች በገለጹት መሠረት ጌሙን 300 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጫውቶታል። ከዚህ ውስጥ ለዕደላው ብቁ ሆነው የተገኙት 131 ሚሊዮን ናቸው። 2.3 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ በማጭበርበር ተይዘው ተሰርዘዋል። ከጠቅላላው 100 ቢሊዮን ሳንቲም 60 ቢሊዮኑ ለመጀመሪያው ዙር ተጫዋቾች ተመደበ።

60 ቢሊዮን ለ131 ሚሊዮን ሲካፈል ለአንድ ሰው በአማካይ 458 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። የአንዱ ሳንቲም ዋጋ በመክፈቻው ቀን አንድ የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነበር። ይህ ማለት አማካዩ ተጫዋች ያገኘው ከ5 ዶላር በታች ነው፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 500 ብር ይጠጋል። እሱም ቢሆን በሙሉ በእጅ አልገባም፤ 88.75 በመቶው ወዲያው ሲለቀቅ 11.25 በመቶው ለ10 ወር ተይዟል። ዋጋውም ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ከግማሽ በታች ወረደ። የወራት ድካም፣ የኢንተርኔት ጥቅልና የስልክ ቻርጅ ወጪ ሲቀነስለት ለብዙው ሰው የተረፈ ነገር አልነበረም።

ወጣቱ ያለ ምክንያት አልተሳበም። ከሃምስተር አስቀድሞ «ኖትኮይን» የተባለው ጌም ነበር። ኖትኮይን ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ገበያ ላይ ሲወጣ ተጫዋቾቹ ወደ 35 ሚሊዮን ነበሩ። ዋጋው መጀመሪያ ወርዶ በግንቦት ማብቂያ ላይ ወደ 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ከፍ ብሎ ነበርና አስቀድሞ የገባ ሰው ተጠቅሟል። የዚያ ወሬ ነው ለሃምስተር 300 ሚሊዮን ሰው የሰበሰበው። አንድ ዓመት በርበሬ ዋጋ አወጣ ብሎ አገሩ ሁሉ በርበሬ ከዘራ በሚቀጥለው ዓመት ገበያው ምን እንደሚሆን የሶዶ ነጋዴ አስረጂ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። የሃምስተር ዕደላ ሲሠራ ሚዛን የደፋው ስክሪን የመንካቱ ብዛት አልነበረም። በጌሙ ውስጥ የተገነባው የ«ሰዓት ገቢ»፣ የተጋበዙት ጓደኞች፣ የተጠናቀቁት ተግባራትና የተሰበሰቡት «ቁልፎች» ናቸው የተቆጠሩት። ማሽን ገዝቶ ቀን ከሌት ሲያስነካ የከረመው ሰው እምብዛም ያልተቆጠረውን ነገር ነበር ሲያመርት የከረመው። ደንቡን የሚጽፈው፣ ሚዛኑን የሚይዘውና ዋጋውን የሚቆርጠው አንድ ወገን ሲሆን ሻጩ ኩንታሉን በምን እንደሚመዝኑለት ሳያውቅ ነው ገበያ የሚወጣው።

ማክሮ ማለት ምን ማለት ነው?

ማክሮ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሰው በተደጋጋሚ የሚሠራውን ሥራ አንድ ጊዜ ለኮምፒዩተር ወይም ለስልክ «አስተምሮ» በአንድ ትእዛዝ የሚያስደግምበት ዘዴ ነው። አሥር ጊዜ የሚጫኑትን ቁልፍ በአንድ ቁልፍ መተካት፣ በየቀኑ የሚሞላን ቅጽ ራሱ እንዲሞላ ማድረግ፣ ሁሉም ማክሮ ነው። በጌም ዓለምም ቢሆን በሙሉ አልተከለከለም። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የተባለው ታዋቂ ጌም ተጫዋቹ የራሱን ማክሮ የሚጽፍበት ቦታ በውስጡ አለው። የ«ሩንስኬፕ» ባለቤት የሆነው ጃጌክስም አንድ ንክኪ በአንድ ድርጊት ብቻ እስከተወሰነ ድረስ ቁልፍ ማቀያየርን ይፈቅዳል።

መስመሩ የተሰመረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጣት አንድ ጊዜ ሲጫን አንድ ሥራ ከተሠራ ተጫዋቹ አለ ማለት ነው። አንድ ጣት ተጭኖ ብዙ ሥራ ከተሠራ፣ ወይም ሰውዬው ተኝቶ ጌሙ የሚጫወት ከሆነ ግን ተጫዋቹ የለም። ብሊዛርድ ኩባንያ በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. 2020 አንድን ንክኪ ለብዙ አካውንቶች በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፉ ፕሮግራሞችን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ቫልቭም በነሐሴ እ.ኤ.አ. 2024 በ«ካውንተር ስትራይክ 2» ላይ በአንድ ንክኪ ብዙ እንቅስቃሴ የሚያስፈጽሙ ዘዴዎችን ከልክሏል።

ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስም ደርሷል። «ግላይደር» የተባለ፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ባለቤቱ በሌለበት የሚጫወት ፕሮግራም ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ አሪዞና የሚገኝ ፍርድ ቤት በሠሪው ኩባንያ ላይ ፈረደ፤ በ2009 ሽያጩ ቆመ። በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከውሳኔው የተወሰነውን ሽሮ የጌሙን መጠበቂያ የሚያልፍ መሣሪያ መሸጥን በሚመለከተው ነጥብ ላይ ፍርዱን አጽንቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው ኃላፊነቱ ከተጫዋቹም የሚከብድበት ጊዜ አለ።

እንደ ዝንጅብሉ በአንድ ቀን

ብዙ ሰው «እንዴት ያውቁብኛል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቀላል ነው። የሰው ጣት ይሳሳታል፣ ይዘገያል፣ ይደክማል፣ ቡና ሲፈላ ይቆማል። ማሽን ግን በእኩል ጊዜ፣ እዚያው ነጥብ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይነካል። ሃያ ስልክ ላይ አንድ ፕሮግራም የጫነ ሰው ደግሞ ሃያዎቹም በአንድ ሰዓት ይነሳሉ፣ በአንድ መስመር ኢንተርኔት ይጠቀማሉ፣ መጨረሻ ላይ ገቢያቸውን ወደ አንድ ቦርሳ ያስገባሉ። አንዱ ከታወቀ ሁሉም ታወቁ።

ወላይታ ይህን ዓይነት ኪሳራ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ በወላይታና በከምባታ ጠምባሮ የዝንጅብል ማሳዎች ላይ ሲወርድ አምራቹንም ነጋዴውንም ባዶ እጁን ያስቀረው ዘሩ ከአንድ ግንድ እየተቆረጠ የሚተከል አንድ ዓይነት ስለነበረና በሽታውም ከዘሩ ጋር አብሮ ስለተጓዘ ነው። በአንድ ማክሮ የሚነዱ ሃምሳ አካውንቶችም እንዲሁ ናቸው። ከውጪ ሲታዩ ሃምሳ ንብረት ይመስላሉ፤ አደጋቸው ግን አንድ ነው። በሀምሳ ተባዝቶ የተቆጠረው ትርፍ በአንድ ቀን ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ሁሉም ከተደከመ በኋላ፣ ከዕደላው በፊት ባለው ሳምንት።

ማሽን ድግግሞሽን ሲሠራ ዋጋ የሚኖረው መቼ እንደሆነ ለማየት ከሶዶ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከተማዋ የኃይል መገናኛ ናት። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ በወላይታና በዳውሮ መካከል ነው። ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ለሽያጭ ማስተላለፍ ጀምሯል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን አምራቾች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል። እነዚያ ማሽኖች የሚሠሩት ድግግሞሽ ነው፤ ግን ደንቡ ራሱ ለማሽን የተጻፈ ነው፣ ወጪውም በኪሎ ዋት ሰዓት ይታወቃል። ጣት መሳይ ፕሮግራም ግን ምንም አያስወጣም። ምንም የማያስወጣውን ሥራ ሁሉም ሰው ሲያመርተው ዋጋው ወደ ምንም ይሄዳል። ጌም ሠሪው ማክሮን የሚከለክለውም ለሥነ ምግባር ብቻ ብሎ አይደለም፤ ካልከለከለ የሚያድለው ሳንቲም ገዢ ስለሚያጣ ጭምር ነው።

ደላላው ሊጠነቀቅ የሚገባው

የጌም አካውንት መሸጥና መግዛት እንደ ሌላው ዕቃ ቀላል መስሎ ይታያል፤ አይደለም። ሦስት ነገር ልብ ሊባል ይገባል።

አንደኛ፣ የቴሌግራም አካውንት የሚቆመው በስልክ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ በማን መታወቂያ እንደተመዘገበ የቴሌኮም ድርጅቱ ያውቃል። ሻጩ ሲሙ በእጁ እስካለ፣ ወይም ጠፋብኝ ብሎ ምትክ እስካወጣ ድረስ፣ የመግቢያ ኮዱ የሚመጣው ለእሱ ነው። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ የሚረከበው የተውሶ ቁልፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳንቲሙ የሚቀመጥበት ዲጂታል ቦርሳ የሚከፈተው በሚስጥር ቃላት ዝርዝር ነው። እነዚህን ቃላት አንድ ጊዜ ያየ ሰው፣ ሻጭም ሆነ ደላላ ወይም ስልክ ጠጋኝ፣ ከዓመት በኋላም ቢሆን ቦርሳውን ባዶ ማድረግ ይችላል። «ቃላቱን ሰጥቼሃለሁ» ማለት «እኔ ረስቻቸዋለሁ» ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ውሉ ሲፈርስ አቤት የሚባልበት ቦታ ጠባብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ ከረንሲ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባትንና በኮምፒዩተር አማካይነት ማታለልን ያስቀጣል። ስለዚህ ገና ባልወጣ ሳንቲም ላይ ቀብድ የሚቀበል ደላላ በሰማይ ያለችውን ላም ብቻ ሳይሆን ራሱንም እያስያዘ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ስልኩ የባንክም ስልክ ነው

ከጌሙ ኪሳራ የሚከፋው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫኑ አውቶ ክሊከሮች ባለቤቱን ተክተው ስክሪን ለመንካት «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህ ፈቃድ የተዘጋጀው ማየት ወይም መንካት ለሚቸግራቸው ሰዎች እገዛ ነው። የተሰጠው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብና በባለቤቱ ቦታ ሆኖ መጫን ይችላል።

የሶዶ ነጋዴ ስልክ ደግሞ የጌም ስልክ ብቻ አይደለም። ቴሌብር አለበት፤ የባንክ መተግበሪያ አለበት፤ የደንበኛ ሒሳብ በፎቶ አለበት። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፋይል ለልጁ ጌም ተብሎ በዚህ ስልክ ላይ ሲጫን የሱቁ ካዝና ቁልፍ ለማያውቁት ሰው እንደተሰጠ ይቆጠራል። ልጁ አውቶ ክሊከር መሞከር ካማረው፣ ባንክም ሲምም በሌለበት አሮጌ ስልክ ላይ፣ ከታወቀ መደብር በወረደ ፕሮግራም፣ ጌሙ በሚፈቅደው ልክ ይሞክር። ከባንክ ስልክ ግን ይራቅ።

ማክሮ የሚያተርፍበት ቦታ

ይህ ሁሉ ሲባል ድግግሞሽን ለማሽን ማስተማር የሚያውቅ ወጣት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ዋጋው ትልቅ ነው፤ የተሳሳተው ቦታው ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል በቦዲቲ ቅቤ ወይም በሶዶ ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ እንውሰድ። በቀን ከ60 አቅራቢ ተቀብሎ የእያንዳንዱን ኪሎ በዋጋ አባዝቶ፣ ቀብዱን ቀንሶ፣ ቀሪውን በደብተር ሲጽፍ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖረው 17 ሰዓት ያህል ነው፤ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ማለት ነው። በኤክሴል የተጻፈ አንድ አጭር ማክሮ ይህን በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ኤክሴል እንዲህ ያለውን ማክሮ የሚጽፉበትን ቋንቋ ከያዘ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30 ዓመት አልፎታል። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና በከተማዋ ኮሌጆች ኮምፒዩተርና የሒሳብ አያያዝ የሚማረው ወጣት ብዙ ነው፤ ሥራውን የሚያዘው ነጋዴ ግን ጥቂት ነው።

እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ አይቀርም። ማክሮ ከመሥራቱ በፊት የዋናው መዝገብ ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተሩና ማክሮው ጎን ለጎን ይሠሩ፤ ልዩነት ከታየ ምክንያቱ ሳይታወቅ ደብተሩ አይጣል። ማክሮ ይደምር፣ ያባዛ፣ ያዘጋጅ እንጂ ያለ ሰው ማረጋገጫ ገንዘብ አይክፈል። ስህተት የሚሠራ ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል፤ ስህተት የተማረ ማሽን ግን በሰከንድ መቶ ጊዜ ይሳሳታል። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል «ማክሮውን ፍቀድ» ሲል አይፈቀድ። እ.ኤ.አ. በ1999 «ሜሊሳ» የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚህ መንገድ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም በ2022 ከኢንተርኔት በሚወርዱ ፋይሎች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን በቀጥታ መዝጋት የጀመረው ለዚሁ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለነጋዴ ግልጽ ነው። በጌሙ ውስጥ ማክሮው የሚሠራው በሌላ ሰው ሜዳ፣ በሌላ ሰው ደንብ ላይ ነው፤ ፈራጁም ባለሜዳው ነው። በሱቁ ውስጥ ግን የዳነው ሰዓት የባለ ሱቁ ነው፤ ማንም አይሰርዝበትም፣ ለ10 ወርም አይያዝበትም።

ስልክ ላይ መጫወት ለሚወድ ወጣት መጫወት ነውር አይደለም። ደንቡን ያንብብ፣ አንድ ጣት አንድ ሥራ የሚለውን መስመር ይጠብቅ፣ የባንክ ስልኩን ይለይ፣ ለጨዋታው የሚያወጣውን ገንዘብ የጠፋ ገንዘብ አድርጎ ይቁጠር። የሚቀጥለው ጊፋታ ሰንጋ ግን ከሰማይ አይወርድም። እንደ ልማዱ ከዕቁቡ፣ ከሱቁና ከማሳው ይመጣል፤ ቢበዛ ሒሳቡን ማክሮ ይሠራዋል።